ኑዛዜ ለንብረት ብቻ አይደለም

ሰው ዕድሜው ገፍቶ የመሞቻው ጊዜ እንደ ቀረበ በተሰማው ጊዜ ስለ ቤቱና ስለ ገንዘቡ ቃሉን ሰጥቶ ማለፍ በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የጸና ልማድ ነው። የነፍስ አባቱ ይጠራሉ፤ ሽማግሎች ይሰበሰባሉ፤ ልጆቹም በአልጋው ዙሪያ ቆመው አባታቸው ለማን ምን እንዳለ በጥሞና ያዳምጣሉ። ከሞተም በኋላ ያን ቃል ማፍረስ እንደ ትልቅ ነውር ይቈጠራል፤ የአባቱን ኑዛዜ ያፈረሰ ሰው በዕድርም በማኅበርም ፊት ቀና ብሎ ለመሄድ ይቸገራል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ስለ አንድ ቤትና ስለ ጥቂት ገንዘብ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሽማግሌ፣ ንግግሩ ተይዞ አእምሮውም ደክሞ በሰው እጅ በወደቀ ጊዜ ስለ ገዛ ሰውነቱ ምን እንዲደረግለት፣ ምንስ እንዳይደረግበት እንደሚፈቅድ ሳይናገር ይቀራል። የሚጠይቀውም ሰው አይገኝም።

መቼም «ኑዛዜ» የሚለው ቃል ራሱ ከንብረት የሰፋ ነው። ከግእዙ «ናዘዘ» የመጣ ሲሆን የጥንት ትርጓሜው ማጽናናት ነው። ኀጢአትን ለካህን መናገርም፣ ስለ ቤት ንብረት የመጨረሻ ቃል መስጠትም በዚሁ በአንድ ስም ተጠሩ። ስለዚህ ኑዛዜ ማለት ሰው ልቡን የሚያሳርፍበት ቃል ነው እንጂ የከብትና የዕቃ ቈጠራ ብቻ አይደለም። ያዕቆብ በግብፅ ሳለ ልጁን ዮሴፍን ያስማለው ስለ በጎቹ ሳይሆን ስለ ገዛ ሥጋው እንደ ነበረ መጽሐፍ የሚያውቁ ሁሉ ያስታውሳሉ። ጌታም በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ለጴጥሮስ ስለ ሽምግልናው የነገረውን ወንጌላዊው ስለ ሰማዕትነቱ እንደ ተነገረ አድርጎ ቢተረጕመውም፣ ሌላ ሰው የሚያስታጥቀውና ወደማይወደው ስፍራ የሚወስደው ሽማግሌ መልክ በየመጦሪያ ቤቱ በየቀኑ የሚታይ ነው።

ይህ ጥያቄ ለአባቶች ያልተነሣባቸው ምክንያት ግልጥ ነው። በእነርሱ ዘመን ሞት በመጣ ጊዜ የሚያዘገየው መሣሪያ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. በፈረንጆች አቈጣጠር (ከዚህ በኋላም የውጭ አገር ነገር በተነሣበት ሁሉ ዘመኑ በዚሁ አቈጣጠር ነው) በኮፐንሃገን ከተማ የፖሊዮ በሽታ በተነሣ ጊዜ መተንፈስ ያቃታቸው ሕሙማን በጕሮሯቸው ቱቦ ገብቶ አየር በእጅ እየተነፋላቸው ብዙዎች ዳኑ። የጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚባለው ሥራ የበረታው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1960 ዓ.ም. በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ የሚሠሩ ሰዎች የቆመውን ልብ ደረትን በእጅ በመጫን ማስነሣት እንደሚቻል ገለጡ። በ1979 ዓ.ም. ደግሞ በክሊቭላንድ በሆድ በኩል ወደ ጨጓራ የሚገባ የምግብ ቱቦ ያለ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ማስገባት ተቻለ። ይህ ሦስተኛው የተፈለሰፈው መዋጥ ለማይችሉ ሕፃናት እንደ ነበረ ልብ ማለት ይገባል፤ ጥቂት ዘመን ሳይቈይ ግን መርሳት በጸናባቸው ሽማግሎችና አሮጊቶች ሆድ ውስጥ በብዛት ይገባ ጀመር።

እነዚህ መሣሪያዎች ያዳኑት ሕይወት ብዙ ነውና ማንም ሊንቃቸው አይገባም። በመኪና አደጋ የቆሰለ ጐልማሳ፣ በወሊድ ጊዜ የደከመች እናት፣ ሳንባው የታመመ ሰው በእነርሱ ድኖ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ነገር ግን ዘጠና ዓመት የሞላው፣ ልጆቹን መለየት የተሳነው፣ አጥንቱ የሳሳ ሽማግሌ ልቡ በቆመ ጊዜ ደረቱ ሲጫን ብዙ ጊዜ የጐድን አጥንቱ ይሰበራል፤ ከሆስፒታል በሕይወት የሚወጣውም ጥቂቱ ነው። የምግቡም ቱቦ እንዲሁ ነው። የአሜሪካ የአረጋውያን ሐኪሞች ማኅበር በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ቃል የመርሳት በሽታ እጅግ ለጸናበት ሰው ቱቦ ማስገባትን እንደማይደግፍ አስታውቆ፣ በቱቦው ፈንታ በትዕግሥት በእጅ መመገብን መክሯል። ይህን ምክር ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስቸግርም፤ ማጕረስ ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሕዝብ ነውና።

በአሜሪካ ነገሩ ወደ ሕግ የደረሰው በሙግት ነው። በ1969 ዓ.ም. ሉዊስ ኩትነር የተባለ የቺካጎ ጠበቃ ሰው ጤነኛ ሳለ ስለ መጨረሻ ሕክምናው ፈቃዱን በጽሑፍ ቢያኖር እንደሚገባ አሳብ አቀረበ፤ ስሙንም «በሕይወት የሚሠራ ኑዛዜ» አለው። የካሊፎርኒያ ግዛት በ1976 ዓ.ም. ይህን የመሰለ ጽሑፍ በሕግ ተቀበለች። አገሩን ሁሉ ያንቀሳቀሰው ግን የናንሲ ክሩዛን ነገር ነው። ይህች ሴት የ25 ዓመት ወጣት ሳለች በጥር 1983 ዓ.ም. በሚዙሪ ግዛት መኪናዋ ተገልብጦ ልቧ ቆሞ ተገኘች። ረዳቶች ልቧን አስነሡት፤ አእምሮዋ ግን አልተመለሰም። በቱቦ እየተመገበች ዓመታት አለፉ። ወላጆቿ ቱቦው እንዲወጣ በጠየቁ ጊዜ ሆስፒታሉ ያለ ዳኛ ትእዛዝ አላደርገውም አለ። ነገሩ እስከ አገሪቱ ታላቅ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በሰኔ 1990 ዓ.ም. ዳኞቹ አምስት ለአራት ተከፍለው ፈረዱ። ሐሳቡን መግለጥ የሚችል ሰው ሕክምናን እምቢ የማለት መብት አለው፤ መናገር የተሳነው ሰው ፈቃድ ግን ግልጥና አሳማኝ በሆነ ማስረጃ ይታወቅ ዘንድ ግዛቲቱ ልታስገድድ ትችላለች ማለት ነው። እንግዲህ ሙግቱ ሁሉ የተንጠለጠለው ሴቲቱ በጤንነቷ ጊዜ ከጓደኞቿ ጋር በጨዋታ መካከል በተናገረችው ቃል ላይ ሆነ። ሌሎች ጓደኞቿም ቀርበው ከመሰከሩ በኋላ የአውራጃው ዳኛ በታኅሣሥ ወር ፈቀደ፤ ቱቦው ወጣ፤ እርሷም በታኅሣሥ 26 ቀን 1990 ዓ.ም. ዐረፈች።

ወላጆቿ ሦስት ዓመት በፍርድ ቤት የተንከራተቱት አንድ ገጽ ወረቀት ባለመኖሩ ነው። በዚያው በ1990 ዓ.ም. የአገሪቱ ምክር ቤት ሕግ አወጣ። ከመንግሥት የሽማግሎችና የድኾች ሕክምና ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሁሉ የሚገባውን ሰው አስቀድሞ የሰጠው የሕክምና ቃል እንዳለው ይጠይቅ፣ መብቱንም በጽሑፍ ያስታውቀው የሚል ነው፤ ከታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራበታል። ሰውየው ቃል ባይሰጥ አይገደድም፤ ስለዚህም ተብሎ ከመጦሪያው አይከለከልም። ቃሉንም የሚሰጥ ሰው በሁለት መንገድ መስጠት ይችላል፤ አንዱ ይህ ይደረግልኝ ያ አይደረግብኝ ብሎ መጻፍ ነው፤ ሁለተኛው እኔ መናገር ባልችል እገሌ ስለ እኔ ይናገር ብሎ ወኪል መሾም ነው። ብዙ ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ሁለተኛውን ይመርጣሉ፤ በሽታ ማንም አስቦት በማያውቀው መንገድ ይመጣልና፣ ወረቀት ለተጠየቀው እንጂ ላልተጠየቀው አይመልስም።

ነገር ግን ሕጉ ወጣ ተብሎ ሁሉ ነገር ተቃና ማለት አይደለም። በአምስት የአሜሪካ ሆስፒታሎች ከ9,000 በሚበልጡ ጽኑ ሕሙማን ላይ የተደረገ ትልቅ ምርመራ በ1995 ዓ.ም. ታትሞ ነበር። ልቤ ቢቆም አታስነሡኝ ከሚሉት ሕሙማን መካከል ሐኪሙ ይህን ፈቃዳቸውን ያወቀላቸው ከመቶ 47ቱ ብቻ ሆነው ተገኙ። እንዳይነሣ የሚለው ትእዛዝ ከተጻፈም ግማሽ የሚያህለው የተጻፈው ሰውየው ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር። ወረቀቱ በልጅ ቤት በሣጥን ተቈልፎ ሽማግሌው ግን በሌሊት በአምቡላንስ ይወሰዳል፤ ያነሡት ሰዎች ምንም አያውቁምና የሚችሉትን ሁሉ ያደርጉበታል። የኦሬገን ግዛት ሐኪሞች ይህን ጉድለት አይተው ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ ሌላ ዘዴ አዘጋጁ። የሕመምተኛው ፈቃድ በሐኪም ፊርማ ትእዛዝ ሆኖ በደማቅ ሐምራዊ ወረቀት ይጻፋል፤ ሕመምተኛውም ወደሄደበት አብሮት ይሄዳል። ቀለሙ ደማቅ የሆነው ከሌላው ወረቀት መካከል ፈጥኖ እንዲታይ ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ከብዙ የሕግ አንቀጽ ይልቅ የጠቀመች ግን እርሷ ሳትሆን አትቀርም።

ለካህናት ይልቁን የሚያስተምረው የእስራኤል ሕግ ነው፤ እዚያ ክርክሩ የሃይማኖት ክርክር ነበርና። በሐኪሙና በረቢው በአቭራሃም ስታይንበርግ የሚመራ 59 ሰዎች ያሉበት ጉባኤ፣ ሐኪሞችና የሕግ ዐዋቂዎች የሃይማኖት ሊቃውንትም ተቀምጠውበት፣ ብዙ ከተከራከሩ በኋላ በ2005 ዓ.ም. ሕጉ ወጣ። ሕጉ መግደልንና ራስን ለመግደል መርዳትን ፈጽሞ ይከለክላል። የሚሞት የሚባለውም ቢታከም እንኳ ከስድስት ወር በላይ የማይቈይ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ያልተጀመረ ሕክምና እንዳይጀመርበት፣ በየጊዜው የሚታደስም ሕክምና እንዳይታደስበት እምቢ ማለት ይችላል፤ ያለማቋረጥ የሚሠራውን የመተንፈሻ መሣሪያ ግን በእጅ ማጥፋት እንደ መግደል ስለሚቈጠር አይፈቀድም። ስለዚህ መሣሪያው በሰዓት እንዲሠራ ቢደረግና ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ቢቆም፣ አለማደስ ከማጥፋት የተለየ ነው ተብሎ ተወሰነ። ይህ ልዩነት ለአንዳንዱ የቃል ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን በመግደልና ሞትን ባለመከልከል መካከል ያለውን ድንበር ጠብቆ ለመሄድ የተደረገ ጥንቃቄ እንደ ሆነ ማየት ይሻላል። አስቀድሞ የተሰጠው ቃል በሁለት ምስክሮች ፊት ተፈርሞ አምስት ዓመት ይጸናል፤ ከዚያ በኋላ መታደስ አለበት። በ1984ና በ1991 ዓ.ም. በጐልማሳነታቸው ወደዚያ የተሻገሩት ቤተ እስራኤል ዛሬ ሸምግለዋልና ነገሩ በአማርኛና በትግርኛ መነገር የሚገባው ሆኗል።

በአሜሪካም ቢሆን ኢትዮጵያውያን ከዚህ ነገር የራቁ አይደሉም። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በመጦሪያ ቤቶች የሌላውን አገር ሽማግሌ የሚያጥቡና የሚመግቡ ኢትዮጵያውያንና ኢትዮጵያውያት ብዙ ናቸው፤ የራሳቸውም ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ለመኖር ሄደው እዚያው አርጅተዋል። እዚያ ግን ሁለት ልማድ ይጋጫል። የፈረንጅ ሐኪም ክፉ በሽታን ለሕመምተኛው በፊቱ ይናገራል። በኢትዮጵያ ልማድ ክፉ ወሬ አስቀድሞ ለዘመድ ይነገራል፤ ዘመድም ጊዜና ቦታ መርጦ፣ ወይም ጨርሶ ደብቆ፣ ሕመምተኛውን ያጽናናል። የውብዳር በየነ የተባሉ የሥነ ሰብእ ሊቅ በ1992 ዓ.ም. ይህንኑ ለአሜሪካ ሐኪሞች ጽፈው አስረድተዋል። ልማዱ ከፍቅር የመጣ እንደ ሆነ አይካድም። ጉድለቱ ግን ሽማግሌው ምን እንዳገኘው ካላወቀ ስለ መጨረሻው ቃል ለመስጠት አለመቻሉ ነው። መፍትሔው ፈረንጅኛውን ወስዶ በድንገት መናገር አይደለም፤ በጤናው ቀን «ክፉ ነገር ቢመጣ ለእርስዎ እንንገር ወይስ ለማን እንንገር?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለታላቅ ልጄ ንገሩ ቢል ይህም ራሱ አስቀድሞ የተሰጠ ቃል ነው።

የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ነገር መሠረት የሌለው አይደለም። በ1952 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ20ኛው አንቀጹ ማንም ሰው በማናቸውም ጊዜ የሐኪም ምርመራን ወይም ሕክምናን እምቢ ለማለት እንዲችል ፈቅዷል። ፍትሐ ነገሥት ለኑዛዜ የራሱን አንቀጽ እንደ ሰጠው ሁሉ ይህም ሕግ ስለ ኑዛዜ በሰፊው ይናገራል፤ በግልጽ በአራት ምስክሮች ፊት የሚደረግ፣ ተናዛዡ በገዛ እጁ የሚጽፈው፣ ሞት የቀረበበት ሰው ለሁለት ምስክሮች በቃል የሚናገረው ብሎ በሦስት ይከፍለዋል። በቃል የተደረገው ከሦስት ወር በኋላ ይፈርሳል፤ ስለ ቀብርም በእርሱ ማዘዝ ይቻላል። እንግዲህ ሕጉ የሚሞተውን ሰው ቃል ስለ ገንዘቡም ስለ ሬሳውም ይሰማል። በሁለቱ መካከል ስላለው፣ ሕይወቱ ሳያልፍ አንደበቱ ስለሚዘጋበት ወራት ግን የኑዛዜው ክፍል በስም ጠርቶ የደነገገው የለም፤ ኑዛዜ የሚሠራው ከሞት በኋላ ነውና።

አንዳንዶች ውክልና ይበቃል ብለው ያስባሉ። ብዙ ሽማግሎችም ለልጆቻቸው ውክልና ሰጥተው በውልና ማስረጃ አስመዝግበዋል። ነገር ግን በዚያው ሕግ ደንብ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ወካዩ ችሎታ ባጣ ጊዜ ውክልናው ይቀራል። ይኸውም ቤት ለመሸጥና ኪራይ ለመቀበል የሠራው ወረቀት ሽማግሌው አእምሮውን ባጣበት ቀን፣ እጅግ በተፈለገበት ጊዜ፣ ሊከዳ ይችላል ማለት ነው። በውክልና ወረቀት ላይ ስለ ሕክምናና ስለ ችሎታ ማጣት አንድ ግልጥ ቃል ማስገባት የጸሓፊን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈልጋል።

ከካህናት ወገን የሚነሣው ትልቁ ጥያቄ ሕክምናን እምቢ ማለት ራስን መግደል አይደለምን የሚል ነው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ነፍስን ማጥፋት ትከለክላለች፤ ሕይወት የእግዚአብሔር ናትና። ነገር ግን በቂሳርያ አጠገብ ለድኾችና ለድውያን ታላቅ ቤት የሠራው ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ሕክምና በጻፈው ሥርዓት ሕክምና የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን ሲያስተምር፣ ክርስቲያን አሳቡን ሁሉ የሚወስድና ኑሮውን ሁሉ ለሥጋ መጠበቂያ የሚያደርግ ሕክምናን መከተል እንደማይገባውም አስተምሯል። የታመመውን መመገብ፣ ማጠብ፣ ሥቃዩን ማስታገሥ፣ አለመተው ግዴታ ነው፤ ደረትን መስበርና በጕሮሮ ቱቦ ማኖር ግን በየሰውዬው ሁኔታ የሚመዘን ነው። ደግሞ ካህናት ከሌላው ሰው ይልቅ የሚያውቁት አንድ ነገር አለ። በጕሮሮው ቱቦ የገባበት ሰው መናገርም መዋጥም አይችልም፤ ሊናዘዝ አይችልም፤ ሥጋ ወደሙን ሊቀበል አይችልም። የጽኑ ሕሙማን ክፍልም ዘመድና ካህን እንደ ልብ የሚገቡበት ቦታ አይደለም። ቈርቤ፣ ልጆቼን ባርኬ፣ በቤቴ ልረፍ የሚል ሽማግሌ ሞትን ፈለገ አይባልም።

ሌላው ፍርሃት ልጆች ከወጪ ለመዳን አባታቸውን ፈርም ይሉታል የሚለው ነው። ይህም እውነተኛ ፍርሃት ነው፤ ስለዚህ ቃሉን የሚቀበለው ወራሽ ያልሆነ ሰው ቢሆን ይሻላል። ነገር ግን የዚህን ተቃራኒም ማሰብ ይገባል። ልጅ አባቱን ሳያሳክም ገደለ እንዳይባል ፈርቶ፣ ጥቅም እንደሌለው ሐኪሙ እየነገረው፣ ቤቱን እስከ መሸጥ ድረስ መሣሪያ ሊከራይ ይችላል። ከወንድሞች መካከልም አንዱ ይብቃ፣ አንዱ ይቀጥል ብሎ ሳይስማሙ ቀርተው ከቀብሩ በኋላ የማይነጋገሩ ይኖራሉ። አባትየው በጤናው ሁለት ቃል ቢናገር ኖሮ ሸክሙ ከሁሉም ትከሻ ይወርድ ነበር።

ነገሩ ይልቁን የሚከብደው ዘመድ በሌለው ሽማግሌ ላይ ነው። በአዲስ አበባ እንደ ሜቄዶንያ ባሉ የአረጋውያን መርጃ ቤቶች ከመንገድ የተነሡ፣ ልጅም ወንድምም የማይጠይቃቸው ብዙ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ንግግሩ የተዘጋ እንደ ሆነ ስለ እርሱ የሚናገር ከአስታማሚው በቀር አይኖርም፤ አስታማሚውም ይሠራል እንጂ ይወስን ዘንድ ማንም አልሾመውም። ስለዚህ እንዲህ ያሉ ቤቶችን የሚመሩና የሚቈጣጠሩ ሹማምንት፣ ሽማግሌው በገባ ጊዜ ስሙንና ዕድሜውን ከሚመዘግቡበት መዝገብ ላይ ጥቂት ጥያቄዎች ቢጨምሩ ትልቅ ወጪ አይጠይቅም። መናገር ቢያቅትዎ ማን ይናገርልዎ? ክፉ በሽታ ቢገኝ ለማን ይነገር? ልብዎ ቢቆም እንዲነሣ ይፈቅዳሉን? መዋጥ ቢያቅትዎስ? በሆስፒታል ወይስ እዚሁ ማረፍ ይወዳሉ? የነፍስ አባትዎ ማን ናቸው? እስላም የሆነውም እንደ ሃይማኖቱ፣ ፕሮቴስታንቱም እንደ ሃይማኖቱ ይጠየቃል። መልሱ አላውቅም ቢሆን አላውቅም ተብሎ ይጻፋል፤ ማንም አይገደድም።

ማንበብ የማይችለው በቃል ይናገር፤ ሁለት ሰዎች ይመስክሩለት፤ አንዱ ካህን ወይም የሃይማኖት አባት ቢሆን ልማዱም ይፈቅዳል። ወረቀቱም በጽሕፈት ቤት መሳቢያ ተቈልፎ እንዳይቀር አንድ ቅጂ በአልጋው ራስጌ ይሰቀል፤ አንዱም ወደ ሆስፒታል በሄደ ጊዜ አብሮት ይሂድ። ሽማግሌ አሳቡን ይለውጣልና በዓመት አንድ ጊዜ፣ ምናልባት በዐቢይ ጾም ንስሐ በሚቀበልበት ወራት፣ ያው ጥያቄ እንደ ገና ይቅረብለት።